የዙቤይዳ አቆጣጠር

ዙቤይዳ አባቦራ ሰው ስትቆጥር ዓይኗን አታምንም ነበር። እጇን ትከሻው ላይ ታሳርፋለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ እስኪመልስላት ትጠብቃለች። መናገር የተሳነው እንኳ ቢሆን ፊቱን ወደ እሷ እስኪያዞር ድረስ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ሠላሳ አንድ የአእምሮ ሕሙማን እንዲህ አድርጋ በቀን አምስት ጊዜ፣ ከየሶላቱ ትንሽ ቀደም ብላ ትቆጥራለች። በሥሯ የነበርን አስታማሚዎች በዚህ ነገር ስንስቅባት ኖረናል። አብዝቼ የሳቅኩት እኔ ወልደሰማያት ነኝ። የእሷን ታሪክ ለመናገር ከእኔ የማይሻል ሰው የለም፤ ችግሩ እውነቱን ከእኔ በቀር የሚያውቀው አለመኖሩ ነው።

በፊቷ እትዬ ዙቤይዳ፣ እርስዎ ነበር የምላት። አሁን ከሞተችበት ዕድሜ በጣም አልፌአለሁና እሷ ብላት የምትቀየመኝ አይመስለኝም። የምትቀየምበት ሌላ ብዙ ነገር አላት።

የተወለደችው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ነው። አባቷ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ አእምሮው ታሞ ስድስት ዓመት በቤቱ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ኖረ። ጨካኞች ስለነበሩ አይደለም፤ ሌላ የሚያደርጉት ስላጡ ነው። ምግቡን የምታቀርብለት እሷ ነበረች፤ ያኔ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። አንድ የመውሊድ ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ ሳለ ጠዋት ሳህኑን አጠገቡ አኖረች፤ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። ማታም አኖረች፤ እንደተኛ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሳህን ይዛ ስትመጣ የፊተኞቹ ሁለቱ እንዳሉ መሆናቸውን አይታ ጋቢውን ገለጠችና ጮኸች፤ ሞቷል። ይህን የነገረችኝ ስታጉረመርምብኝ ነው። መኝታ ክፍሉን ከበር ላይ ሆኜ በዓይኔ ቆጥሬ ሁሉም አሉ ባልኳት ቀን።

«እኔም አይቼው ነበር» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ባሏ የጭነት መኪና መካኒክ ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ ሞተባት። ከዚያ አሥራ አራት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጠበች። የአእምሮ ሕሙማን መጠለያው ሲከፈት በሽተኛ አትፈራም ተብላ አስታማሚ ሆነች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ የአስታማሚዎች አለቃ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ከመቀነቷ የማይለይ አንድ ደብተር ነበራት፤ የእያንዳንዱን ቆጠራ ሰዓትና ቁጥር ትልልቅ በሆነ ፊደል ትጽፍበታለች።

መጠለያው ቦሳ አዲስ ዳር፣ ከአንድ የቡና ነጋዴ የተወረሰ ግቢ ውስጥ ነበር። የቡናው መጋዘን የወንዶች መኝታ ሆኗል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሆስፒታል ነርስ ትመጣና ላርጋክቲል የሚባለውን ኪኒን አስረክባን ትሄዳለች፤ የቀረው ሳምንት የእኛ የዘጠኝ አስታማሚዎች ነው። ከመሃላችን ከአንድ ወር በላይ የሠለጠነ አልነበረም። እኔ ከጎንደር ክፍለ ሀገር በሃያ ሦስት ዓመቴ ተመድቤ ስመጣ አእምሮው የታመመ ሰው በቅርብ አይቼ እንኳ አላውቅም።

ዙቤይዳ ከበሽተኞቹ ይልቅ እኛን ነበር የምትጠብቀው ብል አልዋሸሁም። ጠዋት ስንገባ አፋችንን ታሸታለች። በቀበቶ በሽተኛ የገረፈ አንድ አስታማሚ ነበር፤ ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ቢሮ በር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣ አስባረረችው። ጓድ ሀብተጊዮርጊስ አስተዳዳሪያችን ነው፤ የቀድሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ስለ በሽተኛ ምንም፣ ስለ ሪፖርት ግን ሁሉን የሚያውቅ። የሚረብሹት በገመድ ይታሰሩ ሲል እሷ አሻፈረኝ አለች። ካሰራችኋቸው ማየት ታቆማላችሁ ነበር የምትለን። እኛ ግን ልባችን ከሰውየው ጋር ነበር። ገመድ ሥራ ያቀልላል፤ እሷ ሥራ ታበዛብናለች።

በ1971 መጨረሻ ላይ ኩልሱም የምትባል ሴት ከአሰንዳቦ ልጇን በጭነት መኪና፣ እጁን አስራ አመጣችው። ጀቤሳ ይባላል፤ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ የማይታዩ ሰዎች በስሙ የሚጠሩት። በጠሩት ቁጥር ተነሥቶ ይሄዳል። ዙቤይዳ ገመዱን በጥርሷ ሳይቀር ታግላ ፈታችለት። እናትየው ይህን ስታይ አለቀሰችና የዙቤይዳን ቀኝ እጅ ይዛ ልጇ ደረት ላይ አደረገችው። ንግግራቸው በኦሮምኛ ነበር፤ ያኔ ኦሮምኛ ባልሰማም አንዲቱ ቃል አላመለጠችኝም። አማና። በአላህ ስም የሚሰጥ አደራ ማለት ነው። እንደሰጠሁሽ ትመልሺልኛለሽ ነው ያለቻት፤ ይህን ኋላ ዙቤይዳ ነገረችኝ። ዙቤይዳም ኢንሻአላህ እመልስልሻለሁ አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀቤሳ ከሠላሳ አንዱ አንዱ ብቻ አልነበረም። ስትቆጥር የምትጀምረው ከእሱ ነው፤ የምትጨርሰውም እሱ ጋ ተመልሳ ነው። በኪኒኑ ረጋ አለ፤ ግቢውን ይጠርጋል፣ ሙሐመድሳኒ ከሚባል ሌላ በሽተኛ ጋር ጓደኛ ሆኖ ዳቦ ይካፈላል። ኪኒኑ ግን አፉን ያደርቀዋል። ሁሉንም ያደርቃቸዋል፤ እሱን ይበልጥ። ውሃ ባየበት ሁሉ ተደፍቶ ይጠጣል። ዙቤይዳ ወንዝና ጉድጓድ ወዳለበት አታድርሱት ብላ ስንቴ እንደነገረችን አልቆጥረውም።

በኅዳር 1973 ትእዛዝ መጣ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለመንግሥት እርሻ የቡና ለቀማ ሰው ያዋጣል፤ የእኛ ድርሻ አሥራ ሁለት። ዘጠኝ አስታማሚ ካለው ቤት አሥራ ሁለት ለቃሚ ከየት ይምጣ? ጓድ ሀብተጊዮርጊስ መላ አላጣም፤ ረጋ ያሉትን በሽተኞች እንልካለን አለ። ሥራ ለአእምሮ መድኃኒት መሆኑ በመጽሐፍም አለ አለ። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ዙቤይዳ እምቢ አለች። አሻጥር የምትለዋን ቃል ሲያነሣባት ሁላችንም አንገታችንን ደፋን፤ በዚያ ዘመን በዚያች ቃል ሰው ይጠፋል። ሦስት ቀን ተከራክራ በመጨረሻ ውል አስገባችው። እሷ ራሷ ትሄዳለች፤ ለአሥራ ሁለቱ ሰዎች እሷን ጨምሮ ሦስት ጠባቂ ይኖራል፤ ውሃም ይጫናል። ጀቤሳን ግን ከዝርዝሩ እንዲያወጣው ለመነችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቡና ለቅሞ ያደገ ልጅ ነው፣ እሱ ከቀረ ማን ሊለቅም ነው ብሎ ተቆጣ። ጀቤሳም ወሬውን ሰምቶ ደስታውን አልቻለውም። ማሎ፣ እትዬ፣ ማሎ እያለ፣ እባክሽ እያለ፣ ቀሚሷን ይዞ ተከተላት። ሳቀችና ተወችው። እሷ ስታጠፋ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ሲነሣ ያለነው እሷና እኔ ነን፤ ሦስተኛው ጠባቂ የለም። የዕለቱ የውይይት ክበብ ንባብ አቅራቢ እሱ ስለሆነ ሊሄድ አይችልም ተባለ። ዙቤይዳ የመኪናውን በር ይዛ ቆማ ቀረች። አልሄድም ብትል ሰውየው አሥራ ሁለቱንም በሽተኞች ከእኔ ጋር ብቻ እንደሚልካቸው ታውቃለች። እኔ ማን እንደሆንኩም ታውቃለች። መኪናው ላይ ወጣች።

እርሻው ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። በሩ ላይ ለእያንዳንዱ ለቃሚ ቁጥር የተመታበት ቁራጭ ቆርቆሮ በሲባጎ ይሰጠዋል፤ አንገቱ ላይ ያስረዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮውን ለጸሐፊው አስረክቦ ዳቦውን ይወስዳል። ጸሐፊው ቆርቆሮዎቹን በየመሥሪያ ቤቱ ሽቦ ላይ ይሰካቸዋል፤ ስንት ሰው እንዳለ የሚታወቀው በዚያ ነው። ለእርሻው ይህ በቂ ነበር፤ ማንም ጤነኛ ሰው ዳቦውን ትቶ አይጠፋም።

በሽተኞቻችን ደህና ለቀሙ። ጀቤሳ ከሁሉም ቀድሞ ቅርጫቱን ሞላ፤ ዘፈነም። አምስት ሰዓት ሳይሆን ግን የጫንነው ውሃ አለቀ። የእርሻውን በርሜል ከኮሌጅ የመጡት ዘማች ተማሪዎች ጨርሰውታል። ፀሐዩ ከርሯል፤ በሽተኞቹ ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣብቆ ይተያያሉ። ውሃ ያለው ከቁልቁለቱ በታች፣ ቡና ማጠቢያው ጋ ነው። እኔ ልሂድ አላልኩም። እሷ ሁለቱን ጀሪካን አንሥታ ደብተሩን ሰጠችኝ።

«ስድስት ሰዓት ላይ ቁጠር» አለችኝ። «በእጅህ።»

እሺ አልኳት። ከተማሪዎቹ አንዲቱ ከጎንደር መሆኗን ጠዋት ሰምቼ ነበር፤ ዙቤይዳ እንደሄደች ወሬ ጀመርን። ስድስት ሰዓት ሲሆን በሽተኞቹ ዳቦ ተቀብለው በቡና ዛፎቹ መካከል ተበታትነዋል፤ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ተጋድሟል፣ አንዱ ሌላው ጀርባ ነው። እየዞሩ አሥራ ሁለት ትከሻ መንካት ልጅቷ ፊት እንዴት እንደሚያስቅ አሰብኩ። ጸሐፊውን የእኛ ስንት ነው አልኩት። ሽቦውን አየና አሥራ ሁለት፣ ሙሉ ነው አለኝ። በዙቤይዳ ደብተር ላይ ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ቧንቧው ላይ ሰልፍ ኖሮ ዙቤይዳ የተመለሰችው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጀሪካኖቹን ሳታስቀምጥ ቆጠርክ ወይ አለችኝ። ቆጠርኩ አልኳት። በእጅህ? አለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በእጄ አልኳት።

ውሃውን ለእያንዳንዱ በጣሳ ማደል ጀመረች። ሁልጊዜ ከጀቤሳ ስለምትጀምር ስሙን ጠራች። ደግማ ጠራች። ሙሐመድሳኒ አንድ ሙሉ ዳቦ ጉያው ውስጥ ይዞ ተቀምጧል፤ የጀቤሳ ነው፣ ሲመጣ እሰጠዋለሁ አለ። ጀቤሳ ውሃ ልጠጣ ብሎ ሲሄድ ቆርቆሮው እንዳይጠፋበት ለጓደኛው አደራ ሰጥቶት ነበር። ጓደኛውም ዳቦው እንዳይቀርበት ሁለቱንም ቆርቆሮ አስረክቦለታል። ዙቤይዳ ወደኔ ዞረች። ጣሳውን ጥላ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች።

ከማጠቢያው በታች የቡናው ልጣጭና ቆሻሻ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አለ። ልጣጩ ከላይ ስለሚጋገር ለማያውቀው መሬት ይመስላል። ጀቤሳን ከዚያ ያወጣነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። የማጠቢያው ዘበኛ ሰባት ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ አይቼ ነበር፣ ዘማች መስሎኝ ዝም አልኩ አለ። ሰባት ሰዓት። ስድስት ሰዓት ላይ በእጄ ብቆጥር ኖሮ አንድ ሙሉ ሰዓት ነበረን። እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት እዚያው ማጠቢያ፣ በላይ በኩል፣ ለእሱ ውሃ ተሰልፋ ነበር። ይህን የማስበው በየቀኑ ነው ብል ውሸት ነው፤ አንዳንድ ቀን ይረሳኛል።

በሳምንቱ በጓድ ሀብተጊዮርጊስ ቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ስብሰባ ተደረገ። ከአብዮት ጥበቃ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ኩልሱምና ወንድሟ ሙሐዲንም ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሪፖርቱ ኃላፊዋ ሕሙማኑን ትታ ከሥራ ቦታዋ ጠፋች ይላል። ስለ ሦስተኛው ጠባቂ አንድም ቃል የለበትም። ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ደብተሩን ገለጠና የስድስት ሰዓቱን ቆጠራ የቆጠረው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ ግን ለማየት አልፈለገም።

ዙቤይዳ ብድግ አለች። «ኃላፊዋ እኔ ነኝ» አለች። «ቆጠራው የኔ ነው።»

ከዚያ ዝም ብላ ቆመች። ያ ዝምታ የእኔ ነበር፤ ትታልኝ ነው ዝም ያለችው። ተነሥቼ እንድናገር የምትጠብቀኝ ያህል ቆየ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ኩልሱም ከጥጉ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ሙሐዲን ተረጎመ። እኩለ ቀን ላይ ልጄን በእጅሽ ነክተሽዋል ወይ ነው። ዙቤይዳ አልነካሁትም አለች። እናትየው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አማናዋን የተቀበለች ሴት ሳትነካው አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች፤ እሷ የሰማችው ይህንን ነው።

ዙቤይዳ አሥራ ስድስት ወር ታሰረች። በእሷ ላይ የቀረበው የምስክርነት ወረቀት ላይ ፈርሜአለሁ። በሁለተኛው ወር የአስታማሚዎች አለቃ አደረጉኝ። መኝታ ክፍሉን ከበር ሆነን መቁጠር ጀመርን፤ ገመድም ገባ። ሙሐመድሳኒ ራሱ ስምንት ወር በገመድ ታስሮ አልጋው ላይ ሞተ፤ ያገኘነው ስንት ቀን ቆይቶ እንደሆነ ነርሷ ጠይቃኝ ትናንት ማታ ደህና ነበር አልኳት።

በ1974 የበልግ ዝናብ ሲጀምር ዙቤይዳ ተፈትታ ወደ መጠለያው በር መጣች። ሰውነቷ አልቋል፤ ሳል ይዟታል። ሥራዋን ልትጠይቅ የመጣች መስሎኝ የማቀርበውን ምክንያት በሆዴ እያሰላሁ ወጣሁ። አልጠየቀችም። አሰንዳቦ ሦስት ጊዜ ሄዳ ኩልሱም ደጅ ቆማ እንደነበር ነገረችኝ። ሦስቱንም ጊዜ በር አልተከፈተላትም።

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብዬ ለመንኳት» አለችኝ። «ከበሩ ውስጥ ሆና ሳትነኪው ነካሁ ብለሽ ጻፍሽ ትለኛለች። ሌላ ሰው ቆጠረ ብላት ሸክሜን በሰው ልጅ ላይ የጣልኩ ይመስላታል። አንተ ንገራት፤ ሌላ ምንም አልልህም። ለመንግሥት አትናገር፣ ለሷ ብቻ። እኔ እንግዲህ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም፤ አፉ ሳትለኝ መሄድ ፈራሁ።»

ሙስሊም ሰው በሰው ሐቅ ተይዞ መሞትን እንዴት እንደሚፈራ ጅማ ስኖር አውቄአለሁ። የበደሉት ሰው አፉ ካላለ እዚያ ማዶም ይጠብቃል። እሺ እትዬ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ አልኳት። ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችኝና ሄደች።

ሄድኩ። ይህን አልካድኩም። አሰንዳቦ ወርጄ ኩልሱምን ቤቷ አገኘኋት። ልጇ ከኖረበት ቤት የመጣሁ ሰው መሆኔን ስትሰማ ምንጣፍ አነጠፈችልኝ፤ ወተት አቀረበችልኝ። በተሰባበረ አማርኛ ስለ ጀቤሳ ጠየቀችኝ፤ ይበላ ነበር ወይ፣ ይስቅ ነበር ወይ። ይዘፍን ነበር አልኳት። እጄን ሳመችው። አሁን እናገራለሁ፣ ይህን ጠጥቼ እናገራለሁ እያልኩ ሳለሁ የጅማው አውቶብስ ጥሩምባ ነፋ፤ ተነሥቼ ወጣሁ። ሴትየዋ እስከ መንገድ ሸኘችኝ።

በማግስቱ ዙቤይዳን፣ ለኩልሱም ነገርኳት አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች። በሳሏ ላይ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ አራተኛ ጊዜ እዚያ ደጅ ቆመች። ምን እንደተባለች አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ወደ መጠለያው አልመጣችም። እኔም በሰፈሯ፣ በበቾ ቦሬ በኩል ማለፍ ተውኩ።

በነሐሴ 1975 ሞተች። ከመጠለያው የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ። ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ከመቃብሩ አጥር ጋ ቆመው ነበር፤ ከእነሱ ጋር ቆምኩ። ሬሳው ላይ ከመሰገዱ በፊት ሼኩ እንደ ወጉ ወደ ሕዝቡ ዞረው በዚህች ሴት ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፣ ወይም አፉ ይበላት አሉ። ሰዉ ሁሉ አፉ ብለናል አለ። አንድ ሰው ግን ከመሃል ወጣ፤ ሙሐዲን ነበር። የእህቴ ልጅ ሐቅ አለባት፣ እህቴ አፉ አላለችም፣ እኔ ስለሷ ልል አልችልም አለ። ሽማግሌዎቹ ለመኑት፤ አንዱ ጉልበቱን ያዘ። ሙሐዲን ራሱም ጨንቆታል። ዞር ሲል ከአጥሩ ጋ አየኝ።

«አንተ ያን ቀን አብረሃቸው ነበርክ» አለኝ። «እስቲ ለአላህ ብለህ ንገረን። ልጁን ቆጥሬዋለሁ ብላ የዋሸችው እሷ ናት ወይ?»

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሼኩ ይጠብቁኛል። ሬሳዋ ከፊቴ፣ ከአሥር እርምጃ የማይበልጥ ቦታ ላይ ነው።

«እኔ እንኳ ራቅ ብዬ ነበር» አልኩ። «አላየሁም።»

ሙሐዲን ራሱን ነቀነቀና ወደ ኋላ ተመለሰ። ሰገዱባት፤ ቀበሯት። ኩልሱም ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖራለች። አሰንዳቦ ከጅማ በአውቶብስ ሁለት ሰዓት አይሞላም።